«በቃ» የሚል ሰው

ይድነቃቸው ሞተር ሳይክሉን ወደ ጋሽ ጉልላት ጋራዥ የወሰዳት ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። ማክሰኞን የመረጠው ጓደኞቹ ሁሉ ሥራ ላይ ስለሚውሉ ነው። ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት የመረጠው ደግሞ አዳማ በዚያ ሰዓት በሙቀት ደንዝዛ፣ ባለ ሱቁ ከመደርደሪያው ጀርባ እያንጎላጀ፣ ባለ ጋሪው ከዛፍ ሥር ተጋድሞ፣ ማን እንዳለፈ ማን እንዳገደመ የሚያይ ዓይን ስለማይኖር ነው። ከሚሠራበት መድኃኒት ቤት የወጣው ጥርሴን አሞኛል ብሎ ነበር። እስከ በሩ ድረስ ጉንጩን ይዞ ወጣ፤ እጁን ከጉንጩ ላይ ማውረድ መርሳቱን ያወቀው ሄልሜቱን ሊያጠልቅ ሲል ነው።

ይህ ሁሉ መደባበቅ የመጣው ካለፈው እሑድ ወዲህ ነው። ይድነቃቸው ሞተሯን አሮጌ ሆና ነበር የገዛት። ከሥራ መልስ በረንዳው ላይ እየተንበረከከ ሲሊንደሯን በትልቅ ቀየረ፣ ካርቡሬተሯን ቀየረ፣ የፋብሪካ ማርሚታዋን፣ የጭስ ማውጫዋን፣ አውልቆ ጥሎ ሰፈሩን የሚያንቀጠቅጥ ክፍት ማርሚታ ገጠመላት። በየእሑዱ አብረውት ለሚነዱት ጓደኞቹ «ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የሠራኋት፤ ከእንግዲህ ከኋላዬ ነው የምትመጡት» ሲላቸው ከረመ። እሑድ ዕለት ግን ወደ አሰላ ሲወጡ፣ ከዴራ በላይ ያለው ዳገት ላይ፣ ሞተሯ እንደ ሰው ሳለች፣ ጥቁር ጭስ ተፋች፣ ቆመች። ጓደኞቹ አንድ በአንድ አልፈውት ሄዱ፤ ከዚያ አንድ በአንድ ተመለሱ። ያቃጠለው መመለሳቸው ነው። በመጨረሻ ድንች የጫነ የጭነት መኪና አስቁመው ሞተሯን ከነባለቤቷ ጆንያ ላይ ሰቀሏቸውና ይድነቃቸው እስከ አዳማ ድረስ ድንች ላይ ተቀምጦ፣ በዚያ ፀሐይ፣ ሄልሜቱን ሳያወልቅ መጣ። ማንም አልሳቀበትም። ሁሉም «አይዞህ፣ ያጋጥማል» አሉት። ሚኪያስ የሚባለው ጓደኛው ደግሞ በማግስቱ አንዲት ቃል ሳይጨምር ዳይኖ የሚባል የሞተር ጉልበት መለኪያ ያለው መካኒክ ስልክ ቁጥር ላከለት። «አይዞህ» የምትለዋ ቃል ከዚያ ወዲህ ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች።

ጋራዡ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድሮ የጥጥ መጋዘን በነበረ ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው። ማስታወቂያ የለውም። በሩን ሲያንኳኳ የከፈቱለት ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፣ የጋሽ ጉልላት ባለቤት እትዬ ዘነበች። ልብስ እያጠቡ ኖሮ እስከ ክርናቸው የሳሙና አረፋ ይዘዋል። ሞተሯን ሳይሆን እሱን ነበር ያዩት፣ ከዚያ ደግሞ ከኋላው ያለውን ባዶ መንገድ።

«ብቻህን ነህ?»

«ብቻዬን ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱ ይሻላል» አሉና በሩን ገርበብ አድርገው አሳለፉት።

ጋሽ ጉልላት ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጠን ያሉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። የለበሱት ሰማያዊ ቱታ ዘይት የሚነካ ልብስ አይመስልም፤ በካውያ ተተኩሶ እጀታው ላይ እጥፋቱ እንደ ቢላ ስለት ቆሟል። እጁን ሲጨብጡት ዓይናቸውን ሰበር አደረጉ። እንግዳ ያልለመዱ ሰው ይመስላሉ። ይድነቃቸው ይህን ሲያይ ቀለል አለው፤ የሚያፌዝበት ሰው ነበር የጠበቀው።

ዳይኖው መጋዘኑ መካከል ነበር። ወለሉ ተቆፍሮ በርሜል የሚያህል የብረት ከበሮ ተቀብሯል፣ ከላይ የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ የሞተሯ የኋላ ጎማ እዚያ ላይ ያርፋል፣ የፊተኛዋ ጎማ በብረት መንጋጋ ትነከሳለች፣ ሞተሯ ራሷ ግራና ቀኝ በሰፋፊ ቀበቶዎች ከወለሉ ጋር ትታሰራለች። ከፊቷ የሰው ቁመት ያለው ማራገቢያ ነፋስ ይሰጣታል፣ ጭሷን ደግሞ ወፍራም ቱቦ በግድግዳው አሳልፎ ወደ ውጭ ይወስደዋል። ያን ጊዜ ነጂው ላይዋ ወጥቶ ነዳጅ ሲሰጣት ጎማዋ ከበሮውን ያሽከረክራል፣ ኮምፒውተሩም ጉልበቷን በቀይ መስመር ይስላል። ባለችበት ቆማ አገር ታካልላለች ማለት ነው። ጋሽ ጉልላት ይህን ሁሉ ያስረዱት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የሚሠሩበትን መሣሪያ ሳይሆን የታመመ ሰው የተኛበትን አልጋ እንደሚያሳይ ሰው ነው።

ከዚያ ተንበርክከው ካርቡሬተሩን ፈቱ። ውስጡን በባትሪ አብርተው አዩት።

«ማን ነው የገጠመልህ?»

ይድነቃቸው ፊቱ ሲግል ተሰማው። ወር ሙሉ «በገዛ እጄ» ሲልባት የከረመባት ሞተር እግሩ ሥር ተፈታትታ ተዘርግታለች።

«አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው» አለ።

«አይፈረድበትም» አሉ ጋሽ ጉልላት ቀና ሳይሉ። «ቤንዚን የምታሳልፈው ጂግለር ትልቅ ሆናባት ነው፤ እየጠጣች ትታነቃለች። እየለካን እናሳንስላታለን።»

ካርቡሬተሩን መልሰው ገጥመው ሲጨርሱ ሞተሯን ከበሮው ላይ አስረው ይድነቃቸውን ከኮምፒውተሩ ፊት አቆሙት። ሠራተኛ እንደማይቆይላቸው ነገሩት። ከዚያ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ መስተዋት ላይ የተሳለች ምልክት ላይ አሳርፈው፣ «ቀዩ መስመር እዚህ ጋ ሲደርስ እጅህን አንሳና በቃ በለኝ። እኔ ከላይ ሆኜ ይሄን አላየውም። ጆሮዬም በጩኸቱ ብዙ አይሰማም፣ ስለዚህ ጮክ ብለህ ነው» አሉት።

«ባልልዎትስ?» አለ ይድነቃቸው ለጨዋታ ያህል።

ጋሽ ጉልላት አልሳቁም። «ካልተባልኩማ እሄዳለሁ» አሉ።

የመጋዘኑን በር ለጎረቤት ጩኸቱ እንዳይወጣ ዘጉት። የውጭው ፀሐይ በአንዴ ጠፋ። ዓይኑ ጨለማውን እስኪለምድ ድረስ ይድነቃቸው የሚያየው ከጣሪያው የተንጠለጠለችውን አንዲት አምፖልና ከሥሯ ያለችውን ሞተር ብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ፣ ጥጉም፣ ግድግዳውም፣ የተደረደረው አሮጌ ጎማም፣ ጥቁር ነው። ሽታው የተቃጠለ ዘይትና የላስቲክ ነበር፤ ከዚያ ሥር ደግሞ ጥጡ ከሄደ ከስንት ዘመን በኋላ ያልለቀቀ፣ ትንፋሽን የሚያፍን፣ የታፈነ የጥጥ ፍሬ ሽታ።

ሞተሯ ስትነሳ የጣሪያው ቆርቆሮ ሁሉ አብሮ ጮኸ። ጋሽ ጉልላት ማርሹን እየጨመሩ ሄዱና ነዳጁን ሲከፍቱት ድምፁ ከጆሮ አልፎ ደረት ውስጥ ገባ፤ የይድነቃቸው የጎድን አጥንት እንደ ክራር ጅማት ነዘረ። ከበሮው ከሥር ያጓራል፣ ማራገቢያው ከፊት ያፏጫል። ከዚህ ሁሉ ጩኸት መካከል፣ በዚያ ምድሩ በተሰነጠቀበት በጋ፣ የዝናብ ሽታ መጣ። ገና አሁን ያባራ፣ አፈሩን ያራሰ፣ የሣር ሽታ የተቀላቀለበት የዝናብ ሽታ። ይድነቃቸው ወደ ማራገቢያው ዞሮ አሸተተ። መስመሩ ምልክቱ ጋ ሲደርስ እጁን አነሳ፣ «በቃ!» ብሎም ጮኸ፣ ጋሽ ጉልላትም ወዲያው ነዳጁን ለቀቁ።

ከበሮው ቶሎ አልቆመም። እያጓራ፣ ከዚያ እያጉረመረመ፣ ከዚያ እያቃሰተ ዝም አለ። ይድነቃቸው ጎማውን ሊያይ ጎንበስ ሲል በጎማው ጥርሶች መካከል ቀይ ጭቃ ተሰግስጎ አየ። እርጥብ ነው። አንዲት የሣር ቅጠልም ተጣብቃበታለች።

ጋሽ ጉልላት ጨርቅ አንስተው ጭቃውን ጠረጉት። የጠረጉት ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ በጥድፊያ፣ እንግዳ ፊት የልጇን ንፍጥ እንደምትጠርግ እናት ነው። ይድነቃቸው ሊጠይቅ አፉን ከፈተ። ግን ምን ብሎ? ምናልባት ከበሮው ላይ ውኃ ይፈስበት ይሆናል፤ ምናልባት ዳይኖ ሁልጊዜ እንዲህ ነው። ሞተር አውቃለሁ ብሎ ካርቡሬተር መግጠም ያቃተው ሰው አሁን ደግሞ ጭቃ ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ ምን ይባላል? አፉን ዘጋ።

ጋሽ ጉልላት ጂግለሯን በትንሽ ቀየሩና እንደገና ሞተሯ ላይ ወጡ።

በሁለተኛው ጊዜ የሞተሯ ድምፅ ጠራ። ማሳሏን ትታ ረጅም፣ ያልተቆረጠ ዜማ ያዘች። ከዚያ ከበሮው ላይ የሚንከባለለው ጎማ ድምፁ ቀስ በቀስ ተለወጠ፤ ብረት ላይ የሚሄድ ጎማ መሆኑ ቀርቶ ጠጠር ላይ የሚሄድ ሆነ። ትናንሽ ድንጋዮች ከጭቃ መከላከያው ሥር ቀጭ፣ ቀጭ ሲሉ ይሰማል። ሞተሯ በቀበቶ ታስራ ሳለች ጠመዝማዛ መንገድ እንደያዘች ሁሉ በትንሹ ወደ ግራ አዘመመች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፤ ጋሽ ጉልላትም ትከሻቸውን አብረው ያዘነብላሉ። የሆነ ቦታ ላይ፣ በድምፁ ውስጥ፣ ውሻ ጮኸ። እያሯሯጠ የሚጮህ ውሻ ነው። ቀረበ፣ ጎማው አጠገብ ደረሰ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቀረ፣ ራቀ፣ ጠፋ።

ይህንን እንኳ ጆሮዬ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችል ነበር። ቀጥሎ ያየውን ግን በዓይኑ ነው ያየው። የሞተሯ የኋላ ሞላ ዝቅ አለ። በአንዴ አይደለም፤ መጀመሪያ በአንድ በኩል ጫን ተባለ፣ ሰው እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ሲነሳ እንደሚሆነው፣ ከዚያ በሁለቱም በኩል ሰጠም ብሎ ረጋ። ጋሽ ጉልላት ወደ ኋላቸው አልዞሩም። ታክሲ ውስጥ «ጠጋ በሉ» እንደተባለ ተሳፋሪ፣ ያለ ቅሬታ፣ በልማድ፣ ወደ ፊት ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁ።

የይድነቃቸው እጅ ከምልክቱ በፊት ነበር የተነሳው። «በቃ! በቃ!»

ከበሮው ቆመ። ከኋላ ያለው መቀመጫ ባዶ ነው። ሞላው ወደ ቦታው ተመልሷል። ጋሽ ጉልላት ግን ቅንድባቸው ላይ ካፊያ የመታው ሰው እንደሚሆነው ደቃቅ የውኃ ጠብታ ተረብርቧል፣ ከንፈራቸውም ከብርድ የተነሳ ገርጥቷል። ከሞተሯ ሳይወርዱ አዩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን አልሰበሩም።

«ምን አየህ?» አሉት።

ጥያቄው የመካኒክ ጥያቄ አልነበረም። ይድነቃቸው ይህን ኋላ ላይ ደጋግሞ አሰበው፤ በዚያ ድምፅ ውስጥ ልመና ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ አየሁ እንዲላቸው ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ድምፅ ነበር።

«ምንም» አለ።

«እርግጠኛ ነህ? አይቼአለሁ ካልክ እዚህ ላይ እናቆማለን። ሞተርህም በዚሁ ብትወስዳት ከበፊቱ ትሻላለች።»

ይድነቃቸው አምፖሏን አየ፣ ወለሉን አየ። አየሁ ቢልና ጋሽ ጉልላት ቢስቁስ? ይህን ሰው የጠቆመው ሚኪያስ ነው፤ ይተዋወቃሉ። ያ የላካችሁት ልጅ ጭራቅ አየሁ ብሎ ጮኸብኝ ቢሉስ? ደግሞ በዚያው በኩል፣ ከፍርሃቱ ሥር፣ ሌላ ነገር ነበር፤ የመጪው እሑድ ዳገት። ሞተሯ ያወጣችው ያ የጠራ ዜማ ገና ደረቱ ውስጥ ነበር። ከበፊቱ መሻሏ አልበቃውም።

«ምንም አላየሁም፣ ጋሼ። እንጨርሳት።»

«እንግዲህ ይሁን» አሉ ጋሽ ጉልላት፣ ለእሱ የተናገሩም አይመስልም። የመጨረሻዋን ጂግለር ገጥመው ጨርሰው ወደ ግድግዳው ሄዱና፣ ከማጥፋታቸው በፊት፣ የማርሚታው አንገት ምን ያህል እንደሚግል ለማየት መብራት እንደሚጠፋ ነገሩት። እጅ ስለማይታይ በድምፅ ብቻ ነው አሉ። «ጮክ ብለህ። አደራ።»

አምፖሏ ጠፋች።

እንደዚያ ያለ ጨለማ ከተማ ውስጥ ያለ አይመስልም ነበር። የኮምፒውተሩ ብርሃን የይድነቃቸውን ደረት ብቻ ሰማያዊ አድርጎ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ ዓለም የለም። ሞተሯ ተነሳች። አሁን ቆርቆሮው አብሯት አልጮኸም፣ ጣሪያ የሌለበት ቦታ የምትጮህ ይመስል ድምፁ ወጥቶ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ከማራገቢያው የሚመጣው ነፋስ ቀዘቀዘ፣ የእርጥብ ሣርና የእርጥብ ድንጋይ ሽታ፣ የሩቅ የእንጨት ጭስ ሽታ፣ ሰው የሌለበት የተራራ አገር ሽታ ይዞ ፊቱን መታው። የማርሚታው አንገት በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ እንደ ደረቀ ደም ጠቆረ፣ ከዚያ ፈካ፣ ከዚያ እንደ ፍም ቀላ። በዚያ ቀይ ብርሃን የጋሽ ጉልላት ጉልበት ታየ፣ ሆዳቸው ታየ፣ ደረታቸው ታየ።

ደረታቸው ላይ ሁለት እጆች ነበሩ። ከኋላ የመጡ፣ ጣታቸውን ያቆላለፉ፣ አጥብቀው የያዙ እጆች። የእጆቹ እጀታ ሰማያዊ ነው፤ እጥፋቱ በካውያ የተተኮሰ፣ እንደ ቢላ ስለት የቆመ።

መስመሩ ምልክቱ ጋ ደረሰ።

ይድነቃቸው አፉን ከፈተ። ቃሏ ምላሱ ላይ ነበረች፣ ሁለት ፊደል ናት። ግን በዚያች ቅጽበት፣ ከዚያ ሁሉ ፍርሃት መካከል፣ የገዛ ድምፁ እንዴት እንደሚሰማ አሰበ። ቀጭን ሆኖ እንደሚወጣ አወቀው፤ እንደ ሴት ልጅ ጩኸት። ጮሆ፣ መብራት በርቶ፣ ምንም ባይኖር፣ እዚህ ቆሞ እየተንቀጠቀጠ ቢገኝ። አንድ ትንፋሽ ልጠብቅ አለ፣ ድምፄ እስኪረጋ። ጠበቀ። ከዚያ ሌላ ትንፋሽ። መስመሩ ምልክቱን አልፎ ወጣ፣ መስተዋቱን ጨርሶ ጠፋ።

ያን ጊዜ የሞተሯ ድምፅ መራቅ ጀመረ። አልቀነሰም፣ ራቀ። ከደጅህ ተነስቶ የሚሄድ ሞተር እንደሚርቀው፣ ሜዳውን አቋርጦ፣ ከጉብታው ወዲያ ሰጥሞ፣ ደግሞ ብቅ ብሎ፣ ደግሞ ሰጥሞ። ቀዩ ፍም እዚያው ፊቱ አለ፣ ድምፁ ግን ከአገር አገር ሄዷል። ከዚያ ከሩቅ፣ ነፋስ እየቆራረጠው፣ የጋሽ ጉልላት ድምፅ መጣ።

«በቃ በለኝ! ይድነቃቸው! ኧረ በለኝ!»

«በቃ» አለ ይድነቃቸው። በሹክሹክታ ነበር።

ከበሮው እያቃሰተ ቆመ። ማራገቢያው ቆመ። ፍሙ እየጠቆረ ሄዶ ጠፋ፣ ጨለማውም ሙሉ ሆነ። በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ሰው ከሞተሯ ወረደ። እግሩ ወለሉን ሲነካ ተሰማ። ከዚያ እጅ ግድግዳውን ሲዳስስ ተሰማ፤ ማብሪያው ያለበትን ግድግዳ አይደለም፣ ማዶኛውን። ቆርቆሮውን እየደባበሰ ሄደ፣ ቁልፎች የተቀመጡበትን መደርደሪያ ገፍቶ ጣለ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ደባበሰ። ብዙ ቆየ። ይድነቃቸው ማብሪያው የት እንዳለ ያውቅ ነበር። አልተናገረም።

አምፖሏ በራች።

ሰውየው ከግድግዳው አጠገብ ቆሟል። የጋሽ ጉልላት ፊት ነው፣ የጋሽ ጉልላት ቁመት ነው፣ ቱታው ደረቅና የተተኮሰ ነው። መዳፉን ወደ ብርሃኑ አዙሮ ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ያያቸዋል። ይድነቃቸው እንዳየው ሲገባው እጆቹን ቶሎ ከኋላው ደበቀ።

«ጥሩ ሄደች» አለ። ድምፁም ያው ነው፤ ቃላቱን ብቻ እያንዳንዳቸውን እንደ ትኩስ ምግብ በጥንቃቄ አፉ ውስጥ ያገላብጣቸዋል።

ይድነቃቸው ቀበቶዎቹን መፍታት ጀመረ። ሰውየው እሱ እንዴት እንደሚፈታ እያየ፣ ማሰሪያውን እንዴት እንደሚጫን እያየ፣ በወዲያኛው በኩል እሱን ተከትሎ ፈታ፤ እጃቸው አንድ ጊዜ ሲነካካ ሁለቱም እኩል ደነገጡ። የጋራዡን በር የከፈተው ይድነቃቸው ነው። ፀሐዩ ዓይኑን መታው። ሞተሯን ወደ ግቢው ገፍቶ አወጣት፣ ቁልፉን አዞረ፣ አስነሳት።

እንደዚያ ያለ ድምፅ ከእሷ ወጥቶ አያውቅም። ለስላሳ፣ ሙሉ፣ ሲነኳት የምትመልስ። ነዳጁን ትንሽ ሰጣት፣ ደግሞ ትንሽ ጨመረላት፣ አንዴም አላሳላትም። ደስ አለው። በእርግጥ ደስ አለው፤ ፊቱ ላይ ፈገግታ እንደተሠራ ከንፈሩ ሲዘረጋ ነው ያወቀው። ያን ጊዜ የተሰማው ኀፍረት ከድንቹ ላይ ኀፍረት ጋር የሚዛመድ አልነበረም። አንድ ሰው ስሜን እየጠራ ለመነኝ፣ አለ ለራሱ፤ እኔ ድምፄ ቀጭን እንዳይሆን ጠበቅሁ።

እትዬ ዘነበች ያጠቡትን ልብስ ግቢው ውስጥ በተዘረጋው ገመድ ላይ እያሰጡ ነበር። የውጭው በር ክፍት ነው። ዝም ብሎ ቢሄድ ማንም አይጠይቀውም። እስከ በሩ ደረሰም። ከዚያ ሞተሯን አጠፋ፣ አቆማት፣ ሄልሜቱን አውልቆ እጁ ላይ ያዘና ተመለሰ። በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ለመናገር አፍሮ አያውቅም፣ ሆኖም ተናገረ።

«እትዬ» አለ። «እዚያ ውስጥ ያለው ሰው ባለቤትዎ አይደለም። ጋሽ ጉልላት አልተመለሱም። በቃ በለኝ ብለውኝ ነበር። እያየሁ፣ እየሰማሁ ዝም አልኩ። አፍሬ ነው ዝም ያልኩት፣ እትዬ፤ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ ነው።»

አብዷል ይሉኛል ብሎ ጠበቀ፣ ይጮኹብኛል ብሎ ጠበቀ፣ በጥፊ ይሉኛል ብሎም ጠበቀ። እትዬ ዘነበች ግን የያዙትን ልብስ አስተካክለው ዘረጉት፣ ጠርዙን ቆነጠጡት፣ ከዚያ ወደ ጎረቤት አጥር ገልመጥ አሉ።

«ቀስ በል» አሉት። «ሰው ይሰማል።»

«እትዬ፣ አልገባዎትም…»

«ገብቶኛል።» ዓይናቸው ሞልቶ ነበር፤ በነጠላቸው ጫፍ ቶሎ ጠረጉት። «ያገባሁት ጉልላት ከሄደ ቆየ፣ ልጄ። ዛሬ የሸኘኸውም እሱ አልነበረም። ደግ ሰው ነበር ግን፣ አይዋሽም። ስሜን ሳያፍር መጥራት ገና አሁን ነበር የለመደው።»

ይህን ሲሉ ከይድነቃቸው ትከሻ በላይ ወደ ጋራዡ በር አሻግረው ያያሉ። ዘወር አለ። ሰውየው በሩ ላይ ወጥቶ ቆሟል። ፀሐዩን ለመከላከል እጁን ግንባሩ ላይ አድርጓል፣ ግቢውን ያያል፣ የተሰጣውን ልብስ ያያል፣ እሳቸውን ያያል። እሳቸውን ሲያይ ዓይኑን ሰበር አደረገ፣ አማቶቹ ቤት መጀመሪያ ቀን እንደገባ ሙሽራ፣ ይግባ ይውጣ ሳያውቅ እዚያው ደጃፉ ላይ ተገትሮ ቀረ።

እትዬ ዘነበች ፊታቸውን አበሱ፣ ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ እንግዳ የመጣባቸው የቤት እመቤት ፈገግታ ፊታቸው ላይ አደረጉ።

«በል አሁን፣ እንዲህ አፍጥጠህ አትየው» አሉት በለሆሳስ። «ሄደህ ጨብጠውና ደህና ዋሉ ብለኸው ሂድ፤ አዲስ ሲመጡ ሁሉም እንዲህ ያፍራሉ።»